የማንም ያልሆነ ቋንቋ፤ የዶክተር ሉድቪክ ዛመንሆፍ ሕይወትና ሥራ

በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከተለያየ አገር የመጡ ሁለት የተማሩ ሰዎች ሲገናኙ በየትኛው ቋንቋ እንደሚነጋገሩ የሚወስነው የቋንቋው ቅለት ወይም ውበት አልነበረም፤ ከቋንቋው በስተጀርባ የቆመው መንግሥት ኃይልና ሀብት ነበር እንጂ። ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥትና የዲፕሎማሲ ቋንቋ ነበር። እንግሊዝኛ ከመርከብና ከንግድ ጋር ባሕር ተሻግሮ ይሄድ ነበር። ጀርመንኛ በዩኒቨርሲቲና በቤተ ሙከራ ተከብሮ ነበር። ሩስያኛ ደግሞ ከባልቲክ ባሕር እስከ ሰላማዊ ውቅያኖስ ድረስ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ቋንቋ ነበር። ከነዚህ በአንዱ አፉን የፈታ ሰው በማናቸውም ጉባኤ እንደ ባለቤት ሲናገር፣ ሌላው ብዙ ዓመት ደክሞ የተማረውን ቃል እየፈለገ እንደ እንግዳ ይቀመጥ ነበር። ይህን አለመመጣጠን ለማስወገድ ዕድሜያቸውን የሰጡት ሰው የመንግሥት ሹም ወይም የዩኒቨርሲቲ መምህር ሳይሆኑ፣ በድኾች ሰፈር ዓይን የሚያክሙ ሐኪም ነበሩ።

ሉድቪክ ላዛር ዛመንሆፍ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ታኅሣሥ 15 ቀን 1859 ቢያሊስቶክ በምትባል ከተማ ተወለዱ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው።) ቢያሊስቶክ ዛሬ በፖላንድ ግዛት ውስጥ ትገኛለች፤ በዚያን ጊዜ ግን በሩስያ ቄሣር መንግሥት ሥር ነበረች። በከተማይቱ ከሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው አይሁድ ሲሆን፣ ፖላንዳውያን፣ ሩስያውያንና ጀርመኖችም ይኖሩባት ነበር፤ በዙሪያዋ ባለው ገጠር ደግሞ ቤሎሩስያኛ ይነገር ነበር። አይሁድ በይዲሽ፣ ሹማምንት በሩስያኛ፣ ሌላውም በየቋንቋው ሲናገር አንዱ ሌላውን በጥርጣሬ ያየው ነበር። የዛመንሆፍ ቤተሰብ አይሁዳዊ ነበር። አባታቸው ማርቆስ ዛመንሆፍ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ያስተምሩ የነበሩ፣ ለሥርዓትና ለትክክለኛነት እጅግ የሚጠነቀቁ ሰው ነበሩ። እናታቸው ሮዛሊያ ግን ልጆቻቸውን የሰው ልጅ ሁሉ ወንድማማች ነው እያሉ ያሳደጉ ነበሩ። ዛመንሆፍ በቤት የሰሙትና በመንገድ ያዩት ነገር አለመስማማቱ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አሳሰባቸው። በአደባባይ ሰው የሚባል አልነበረም፤ የሚታየው አይሁዳዊ፣ ፖላንዳዊ፣ ሩስያዊና ጀርመናዊ ብቻ ነበር። የጠቡ ምንጭ የቋንቋ ልዩነት ነው ብለው ያመኑትም በዚያን ዕድሜ ነው። በኋላ እንደምናየው ይህ እምነታቸው በሙሉ ትክክል አልነበረም፤ ነገር ግን ሥራቸውን ሁሉ ያስጀመራቸው እርሱ ነው።

ቤተሰቡ በ1873 ወደ ዋርሶ ተዛወረ። በዚያ ዛመንሆፍ ላቲንና ግሪክኛ በሚያስተምር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገቡ። በመጀመሪያ ከነዚህ ጥንታውያን ቋንቋዎች አንዱን አንሥቶ የሁሉም መገናኛ ማድረግ የሚቻል መስሏቸው ነበር። ሆኖም የሞተን ቋንቋ ለዘመኑ ኑሮ ማዋል እጅግ አስቸጋሪ መሆኑን ሲረዱ አዲስ ቋንቋ ማዘጋጀት እንደሚሻል ወሰኑ። ለዚህም ሁለት ነገሮች ረዷቸው። አንደኛው እንግሊዝኛ መማራቸው ነው። ከላቲንና ከግሪክኛ የግሥ እርባታ ውጣ ውረድ በኋላ የእንግሊዝኛን ሰዋስው ቀላልነት ሲያዩ፣ የሰዋስው ብዛት የታሪክ አጋጣሚ እንጂ ለቋንቋ የግድ አስፈላጊ አለመሆኑ ገባቸው። ሁለተኛው በመንገድ ላይ የተመለከቱት ነገር ነው። በሁለት ልዩ ልዩ የሥራ ቦታዎች በራፍ ላይ የተሰቀሉት የሩስያኛ ሰሌዳዎች በአንድ ዓይነት ባዕድ መድረሻ ማለቃቸውን አስተዋሉ። በጥቂት መነሻዎችና መድረሻዎች ከአንድ ሥርወ ቃል ብዙ ቃላት ማፍራት ከተቻለ፣ ተማሪውን ያስፈራ የነበረው ወፍራም መዝገበ ቃላት ይቀንሳል ማለት ነው። በዚህ መንገድ ያዘጋጁትን የመጀመሪያ ቋንቋ በታኅሣሥ ወር 1878 ከጥቂት የትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው በዓል አድርገው አከበሩት። ያን ጊዜ ገና 19 ዓመት እየሞላቸው ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ሕክምና ለመማር ወደ ሞስኮ ሄዱ። አባታቸው ልጃቸው በእንዲህ ያለው ሕልም ከሙያው እንዳይዘናጋ ስለ ሰጉ፣ ትምህርቱ እስኪያልቅ ድረስ ደብተሮቹን ተረክበው አስቀመጡ። እንደሚተረከውም፣ ልጅየው በሌሉበት ደብተሮቹ ተቃጠሉ፤ ዛመንሆፍም ሲመለሱ የጠፋውን ሁሉ ከቃላቸው እንደገና ጻፉት፣ በዚያውም አሻሻሉት። በ1881 ቄሣር አሌክሳንድር 2ኛ ከተገደሉ በኋላ በሩስያ ግዛት በአይሁድ ላይ የዝርፊያና የድብደባ ሁከት ተነሣ፤ በዚያው ዓመት በገና ሰሞን ሁከቱ ዋርሶም ደረሰ። ከሞስኮ ወደ ዋርሶ የተመለሱት ወጣቱ ተማሪ ለወገናቸው መድኅን የሚሆነውን ነገር በብዙ መንገድ ፈለጉ። ለጥቂት ዓመታት አይሁድ ወደ ቀደመች አገራቸው እንዲመለሱ በሚጥረው እንቅስቃሴ ውስጥ ሠሩ። የይዲሽ ቋንቋ ሰዋስውም ጻፉ፤ ይህ ሥራ በሙሉ የታተመው ከአንድ መቶ ዓመት ግድም በኋላ በ1982 ነው። በመጨረሻ ግን ለአንድ ሕዝብ ብቻ የሚሆን መፍትሔ አላረካቸውም። የተናቀ ሕዝብ ልጅ በመሆናቸው ያዩትን ሥቃይ ለሕዝቦች ሁሉ በሚሆን ነገር ሊክሱት ቈረጡ።

በ1885 የሕክምና ትምህርታቸውን ጨረሱ። በልዩ ልዩ ትንንሽ ከተሞች ጥቂት ጊዜ ከሠሩ በኋላ አጠቃላይ ሕክምና ለጠባያቸው አልስማማ ስላለ፣ በዋርሶና በቪየና የዓይን ሕክምና ተማሩ። በ1887 ክላራ ዚልበርኒክ የምትባል የሳሙና ፋብሪካ ባለቤት ልጅ አገቡ። አሳታሚዎች የማያውቁትን ቋንቋ ለማተም ፈቃደኛ ሳይሆኑ ቀርተው ስለ ነበር፣ መጽሐፉ የታተመው የሙሽራይቱ አባት ለጋብቻው ከሰጡት ገንዘብ ላይ ነው። ሐምሌ 26 ቀን 1887፣ ሠርጉ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከሳንሱር ያለፈው የ40 ገጽ መጽሐፍ በሩስያኛ ወጣ፤ ከዚያም በፖላንድኛ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ታተመ። ደራሲው ስማቸውን አልጻፉበትም፤ ተስፋ የሚያደርግ ማለት በሆነው በ«ኤስፔራንቶ» ስም ዶክተር ኤስፔራንቶ ተብለው ወጡ። ውሎ አድሮ የደራሲው የብዕር ስም የቋንቋው ስም ሆኖ ቀረ።

መጽሐፉ የያዘው 16 የሰዋስው ደንቦችና ወደ 900 የሚጠጉ ሥርወ ቃሎች ብቻ ነበር። በዚህ ቋንቋ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ድምፅ ብቻ አለው። ስም ሁሉ በ«ኦ»፣ ቅጽል ሁሉ በ«ኣ» ያልቃል። ግሥ በመደብና በቍጥር አይለዋወጥም፤ ከደንብ የሚወጣ ግሥም የለም። «ቦና» ጥሩ ማለት ከሆነ፣ ተቃራኒነትን የሚያሳየው ባዕድ መነሻ ሲጨመርበት «ማልቦና» መጥፎ ይሆናል፤ ተማሪው ይህን አንድ መነሻ ካወቀ በመቶ የሚቈጠሩ ቃላትን ሳይማር ያገኛቸዋል። እርግጥ ነው ሥርወ ቃሎቹ ከላቲን ዘር ከሆኑ ቋንቋዎች፣ ከጀርመንኛ፣ ከእንግሊዝኛና ከስላቭ ቋንቋዎች የተወሰዱ ስለ ሆኑ፣ ለእስያና ለአፍሪካ ተማሪ እንደ አውሮፓዊው ቅርብ አይደሉም። ይህ ነቀፌታ እስከ ዛሬ ሲነሣ ይኖራል፤ ትክክልም ነው። ይሁን እንጂ የደንቡ ቅለት ለሁሉም እኩል ነው።

ከቋንቋው አሠራር ይልቅ ግን ታሪክ ሊያስታውሰው የሚገባ ሌላ ነገር በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ዛመንሆፍ በቋንቋው ላይ ያላቸውን የባለቤትነት መብት ሁሉ መተዋቸውንና ቋንቋው እንደ ማናቸውም ቋንቋ የሁሉም ንብረት መሆኑን አስታወቁ። የዚህ ውሳኔ ጥበብ የታወቀው ቮላፑክ በተባለው ሌላ ሰው ሠራሽ ቋንቋ ላይ የደረሰው ከታየ በኋላ ነው። ጀርመናዊው ቄስ ዮሐን ማርቲን ሽላየር በ1880 ያሳተሙት ቮላፑክ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዙ አገር ማኅበራት አግኝቶ ነበር። ነገር ግን ፈጣሪው ማናቸውም ለውጥ ያለ ፈቃዳቸው እንዳይደረግ አጥብቀው ስለ ያዙ፣ በ1889 ከፓሪሱ ጉባኤ በኋላ ተከታዮቹ እርስ በርስ ተጣሉ፤ ቋንቋውም ብዙ ሳይቈይ ተዳከመ። ሽላየር ልጃቸውን ከእጃቸው ሊለቁ አልፈለጉም፤ ዛመንሆፍ በተወለደበት ቀን ለቀቁት።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት የችግር ነበሩ። ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጋር 10 ሚሊዮን ሰዎች ቃል ከገቡ እኔም ቋንቋውን እማራለሁ የሚል የቃል ኪዳን ወረቀት ተያይዞ ነበር። ሚሊዮን ቀርቶ መቶ ሺህም አልመጣም፤ በ1889 የወጣው የተማሪዎች የአድራሻ መጽሐፍ የ1,000 ሰዎችን ስም ብቻ ይዞ ነበር። ያመጡት ገንዘብ አለቀ፤ ሐኪሙም እንጀራ ፍለጋ አንዴ ወደ ኬርሶን፣ አንዴ ወደ ግሮድኖ ተንከራተቱ። በ1895 በኑረምበርግ የሚታተመው የቋንቋው መጽሔት የሊዮ ቶልስቶይን ጽሑፍ ስላወጣ የሩስያ ሳንሱር ወደ አገሩ እንዳይገባ ከለከለው፤ ከአንባቢዎቹ ብዙዎቹ ሩስያ ውስጥ ስለ ነበሩም መጽሔቱ ተዘጋ። ከዚያ በፊት በ1894 ዛመንሆፍ ቋንቋውን ለማሻሻል የቀረቡትን ሐሳቦች ለአንባቢዎቹ ድምፅ አቅርበው ነበር፤ አብዛኛዎቹ ምንም ሳይለወጥ እንዲቀጥል መረጡ። ደራሲውም የብዙሃኑን ፍርድ ተቀበሉ።

በ1890ዎቹ መጨረሻ ወደ ዋርሶ ተመልሰው በዲዚካ ጎዳና በአይሁድ ድኾች ሰፈር ክሊኒክ ከፈቱ። ቀን ቀን ከድኾች ጥቂት ዋጋ እየተቀበሉ ወይም በነፃ ያክሙ፣ ማታ ማታ ይጽፉና ይተረጕሙ ነበር። የሼክስፒርን ሐምሌትን በ1894 አሳትመው ነበር፤ ከዚያም የጎጎልን፣ የሺለርን፣ የጌቴንና የሞልየርን ቴአትሮች፣ የአንደርሰንን ተረቶችና ብሉይ ኪዳንን ወደ ኤስፔራንቶ መለሱ። ይህን ሁሉ የደከሙት ለጌጥ አልነበረም። ቋንቋ በደንብ ብዛት ብቻ እንደማይኖር፣ ሐዘንና ቀልድ፣ ጸሎትና ሙግት ሊሸከም የማይችል ንግግር የነጋዴ ምልክት ሆኖ እንደሚቀር ስላወቁ ነው።

ትልቁ ፈተና የመጣው በነሐሴ ወር 1905 ነው። አልፍሬድ ሚሾ የተባሉ ጠበቃ የመጀመሪያውን የዓለም የኤስፔራንቶ ጉባኤ በፈረንሳይ አገር በቡሎኝ ሱር ሜር ከተማ አዘጋጁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ቋንቋው በብዛት በደብዳቤ ይኖር ነበር። የየአገሩ ሰው በየራሱ አነጋገር ሲናገረው መግባባት ይቻል እንደ ሆነ በትልቅ ጉባኤ የተፈተነበት ጊዜ አልነበረም። ከ20 አገሮች የመጡ 688 ሰዎች ተሰበሰቡ፤ ያለ አስተርጓሚም ተነጋገሩ፣ ተከራከሩ፣ የሞልየርን ቴአትር አሳይተው ሣቁ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ማንም ባለቤት፣ ማንም እንግዳ አልነበረም። የፈረንሳይ መንግሥትም ለዛመንሆፍ የሌጅዮን ዶኖር ኒሻን ሸለማቸው።

ሆኖም ለዚህ ድል የተከፈለ ዋጋ ነበር። በዚያን ጊዜ ፈረንሳይ በድሬፉስ ጉዳይ ለሁለት ተከፍላ ስለ ነበር፣ የቋንቋው ደጋፊዎች የሆኑት የፈረንሳይ ሊቃውንት የደራሲው አይሁዳዊነት እንዳይነሣ ጥረት አደረጉ። ዛመንሆፍ በጉባኤው መክፈቻ ሊያነቡት ያዘጋጁት የጸሎት ግጥምም አስጨነቃቸው፤ የክርስቲያንን፣ የአይሁድንና የእስላምን ወንድማማችነት የሚናገረው የመጨረሻው ክፍል ሳይነበብ ቀረ። ጉባኤውም ኤስፔራንቶ ገለልተኛ መሣሪያ መሆኑንና ተናጋሪው የሚያምንበት ሌላ ሐሳብ ሁሉ የራሱ ጉዳይ መሆኑን በመግለጫ አጸደቀ። መግለጫው ቋንቋውን ከሃይማኖትና ከፖለቲካ ክርክር አዳነው፤ ዛመንሆፍም ተስማምተውበታል። ነገር ግን ሰዎች ሳይሸማቀቁ እንዲገናኙ ቋንቋ የሠሩት ሰው፣ በገዛ ቋንቋቸው ጉባኤ ላይ ማንነታቸውን ሸሽገው እንዲቆሙ ተደረጉ።

ይህ ነገር ከልባቸው አልወጣም። በሚቀጥለው ዓመት በጄኔቭ በተደረገው ሁለተኛ ጉባኤ ላይ በተወለዱባት በቢያሊስቶክ በዚያው ሰኔ ወር ስለ ተፈጸመው የአይሁድ ጭፍጨፋ በግልጥ ተናገሩ። ለንግድና ለጥቅም ብቻ የሚያገለግል ኤስፔራንቶ እንደማያረካቸውም አስረዱ። በዚሁ ዘመን «ሆማራኒስሞ» ያሉትን፣ እያንዳንዱ ሰው በቤቱ ሃይማኖቱንና ቋንቋውን ይዞ በጋራ ቦታ በጋራ ሥነ ምግባር እንዲኖር የሚያስተምረውን ሐሳብ አሳተሙ። ይህም በልጅነታቸው የነበራቸው እምነት መታረሙን ያሳያል፤ ቋንቋ የጠብ ሁሉ ምንጭ እንዳልሆነ፣ የጋራ ቋንቋም ብቻውን ሰላም እንደማያመጣ ተረድተው ነበር። ብዙዎቹ ተከታዮቻቸው ግን ቋንቋውን እንጂ ሐሳቡን አልወሰዱም። በ1914 አይሁዳውያን የኤስፔራንቶ ተናጋሪዎች የራሳቸውን ማኅበር ለማቋቋም ሲጋብዟቸውም፣ የተጨቈነ ሕዝብ ብሔርተኝነት የሚገባ ቢሆንም እርሳቸው ከማናቸውም ብሔርተኝነት ጋር እንደማይቆሙ ገልጠው ጥሪውን አልተቀበሉም።

በ1907 በፓሪስ የተሰበሰበ የሊቃውንት ኮሚቴ ለዓለም የሚስማማውን ረዳት ቋንቋ ለመምረጥ ተቀመጠ። በኮሚቴው ፊት ኤስፔራንቶን እንዲወክሉ የተመረጡት ሉዊ ደ ቦፍሮን ሲሆኑ፣ እርሳቸው ግን በምሥጢር ከቀረበው ተወዳዳሪ የማሻሻያ ረቂቅ ጎን ቆመው ተገኙ። በዚህም ኢዶ የሚባለው ቋንቋ ተወለደ፤ ከኤስፔራንቶ መሪዎችም ጥቂት የማይባሉት ወደ እርሱ ሄዱ። ተራው ተናጋሪ ግን አልተከተላቸውም፤ ዕውቀት ባላቸው ሰዎች ዘንድ የተሻለ መስሎ የታየው በሕዝብ ዘንድ ከሚነገረው በልጦ ሊያሸንፍ አልቻለም። በ1912 ደግሞ ዛመንሆፍ በክራኮው ጉባኤ ላይ ከመሪነታቸው መውረዳቸውን አስታወቁ። ቋንቋው አባት ሳይኖረው መቆም እንዲለምድ ፈልገው ነበር።

አሥረኛው ጉባኤ በነሐሴ 1914 በፓሪስ ሊደረግ ከ3,700 የሚበልጡ ሰዎች ተመዝግበው ሳለ ጦርነቱ ፈነዳ። ጉባኤው ሳይከፈት ቀረ። ወደ ፓሪስ በመጓዝ ላይ የነበሩት ዛመንሆፍና ባለቤታቸው በጀርመን አገር ተይዘው ድንበሩ ስለ ተዘጋባቸው፣ በስካንዲናቪያ ዞረው ብዙ ተንገላተው ዋርሶ ገቡ። በልብ ሕመም እየተሠቃዩ በ1915 ለዲፕሎማቶች ይግባኝ ጻፉ። ጦርነቱ ሲያልቅ የድንበር መሥመር ማስተካከል ብቻውን ሰላም እንደማያመጣ፣ እያንዳንዱ አገር በውስጡ የሚኖሩት ሰዎች ሁሉ መሆኑ በሕግ መረጋገጥ እንዳለበት፣ ማንም በቋንቋውና በሃይማኖቱ እንዳይጨቈን ዳኛ መቆም እንዳለበት አስገነዘቡ። የሚሰማ አልተገኘም። ሚያዝያ 14 ቀን 1917 በጀርመን ጦር በተያዘችው ዋርሶ በ57 ዓመታቸው አረፉ። በከተማው በአይሁድ መቃብር ሲቀበሩ ከውጭ አገር ሊመጡ የቻሉት ጥቂቶች ነበሩ፤ አስከሬናቸውን የሸኙት ብዙዎቹ ያከሟቸው ድኾች ነበሩ።

ከሞታቸው በኋላ ቋንቋው ለኃያላን መንግሥታት ያን ያህል ቀላል ነገር አለመሆኑ ታየ። የመንግሥታት ማኅበር ምክትል ዋና ጸሐፊ የነበሩት ጃፓናዊው ኒቶቤ ኢናዞ በ1921 በፕራግ በተደረገው የኤስፔራንቶ ጉባኤ ተገኝተው ጥሩ ምስክርነት ሰጡ። ቋንቋው በትምህርት ቤቶች እንዲሰጥ የቀረበውን ሐሳብ ግን የፈረንሳይ መንግሥት አጥብቆ ተቃወመ፤ በ1922ም በገዛ ትምህርት ቤቶቹ እንዳይሰጥ ከለከለ። ፈረንሳይኛ ከሦስት ዓመት በፊት በቬርሳይ ውል ላይ ከእንግሊዝኛ ጋር እኩል ሲጻፍ የቀድሞ ብቸኝነቱን አጥቶ ስለ ነበር፣ ሌላ ተወዳዳሪ አልተፈለገም። በ1936 የናዚ መንግሥት የኤስፔራንቶ ማኅበራትን አገደ። በ1937ና በ1938 በሶቪየት ኅብረት ብዙ ተናጋሪዎች ከውጭ አገር ሰው ጋር በመጻጻፋቸው ተጠርጥረው ታሰሩ፣ ተገደሉም። የዛመንሆፍ ልጅ ዶክተር አዳም በ1940 በናዚዎች ተረሸኑ፤ ሶፊያና ሊዲያ የተባሉት ሁለቱ ሴቶች ልጆች በ1942 በትሬብሊንካ ተገደሉ።

ቋንቋው ግን አልጠፋም። በ1954 ዩኔስኮ በሞንቴቪዴዮ ጉባኤው ኤስፔራንቶ በሕዝቦች መቀራረብ ረገድ ያስገኘውን ውጤት ዕውቅና ሰጠው። በ1905 የተጀመረው የዓለም ጉባኤ በ2024 ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በታንዛንያ በአሩሻ ከተማ ተደረገ። ይህም ሆኖ የዓለም መገናኛ የመሆን ግቡ አልተሳካም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሥራውን የሚያካሂደው በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በሩስያኛ፣ በስፓኝኛ፣ በቻይንኛና ከ1973 ጀምሮ በዓረብኛ ነው፤ እነዚህ ሁሉ በታሪክ ታላላቅ መንግሥታት የቆሙላቸው ቋንቋዎች ናቸው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር በ1963 በአዲስ አበባ ሲፈረም የሥራ ቋንቋዎቹ ቢቻል የአፍሪካ ቋንቋዎች፣ እንዲሁም እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ እንዲሆኑ ደነገገ። ለባዕዳኑ ቋንቋዎች ያልተጠየቀው ለአፍሪካ ቋንቋዎች ግን የተጨመረው «ቢቻል» የሚለው ቃል፣ ዛመንሆፍ በቢያሊስቶክ ጎዳና ላይ ያዩት ችግር ምን ያህል ሰፊ እንደ ሆነ ያሳያል።

የዛሬው ዓለም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ይነጋገራል፤ ይህም ለሳይንስ፣ ለንግድና ለጉዞ የሰጠው አገልግሎት የሚካድ አይደለም። የሚረሳው ወጪውን ማን እንደሚከፍል ነው። አንዱ የእናቱን ቋንቋ ይዞ ወደ ጉባኤ ሲገባ፣ ሌላው የወጣትነቱን ብዙ ዓመታት ከፍሎ ይገባል፤ ከፍሎም ቢሆን በክርክር ጊዜ ቃል ያጥረዋል፣ ውልም ሲረቀቅ በሰው ሰነድ ላይ አስተያየት ሰጪ ሆኖ ይቀራል። ዛመንሆፍ ይህን ዕዳ ሁሉም እኩል እንዲካፈለው ፈለጉ። መንግሥታት ሐሳባቸውን አልተቀበሉትም፤ ቋንቋቸው ግን በማንም መንግሥት ሳይደገፍ ከፈጣሪው ሞት በኋላ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሲነገር በመኖሩ፣ የጋራ ቋንቋ የግድ የአሸናፊ ቋንቋ መሆን እንደማይገባው አስመስክሯል።